ሞተር ቀይረህ ፍሬኑ ከደነደነ ማስተሩን ተወውና ዲናሞውን እየው

ከወረታ አንድ ወንድም ጽፎልኛል፣ ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። የቆየች ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችው፣ 22አር የቤንዚን ሞተር የነበራት። ቤንዚኑ አላዋጣ ሲለው ያገለገለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር ገዝቶ አስገጠመላት። ሞተሩ ጥሩ ይነሳል፣ ጉልበቱንም ወዶታል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ሆነበት። ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ተቀየረ፣ የፍሬን ሸራ ተቀየረ፣ ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ሁለቴ ወጣለት፣ ያው ነው። ሰሞኑን ከደብረ ታቦር ድንች ጭኖ ሲወርድ ዓለም በር ቁልቁለት ላይ በሁለት እግሩ ተጭኖ ነው በመከራ ያቆማት።

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። ይሄ ነገር እስኪስተካከል ግን በእናትህ ጭነት አትጫንባት፣ ባዶዋንም ቢሆን ቁልቁለት አታውርዳት።

አሁን ኮፋኖውን ክፈትና ማስተሩ የተጣበቀበትን ጥቁር ክብ ቆርቆሮ እየው፣ ሁለት አክምባሎ አፍ ለአፍ የተገጠሙ ነው የሚመስለው። ሰርቮ የምንለው እሱ ነው። ውስጡን ለሁለት የሚከፍለው ላስቲክ አለ፣ አየሩ ተመጦ ወጥቶ ይጠብቅና ፔዳሉን ስትረግጥ ከኋላ በኩል የውጪ አየር ይገባል፣ ያ አየር ላስቲኩን ወደ ፊት ይገፋል፣ እግርህን የሚያግዘው ይሄ ግፊት ነው። እና አየሩን ማን ነበር የሚመጠው? የድሮው ሞተርህ ነዋ። ቤንዚን ሞተር ካርቡራተሩ ውስጥ የአየሩን መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ቢራቢሮ አለችው፣ የነዳጅ ፔዳሉን ስትለቅ ቢራቢሮዋ ትዘጋና ፒስቶኖቹ አየር ሲስቡ ማኒፎልዱ (አየሩ ወደ ፒስቶኖቹ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ቫኪዩም፣ ማለትም አየር የተመጠጠበት ባዶነት፣ ይፈጠራል፣ ሰርቮው በዛች ወፍራም ጎማ ቱቦ የሚጠጣው ከዛ ነበር። ናፍጣ ሞተር አየሩን በሰፊው ነው የሚስበው፣ ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ናፍጣ ስለሆነ ያንኑ ቱቦ ማኒፎልዱ ላይ ብትሰካው ለሰርቮ የሚበቃ ቫኪዩም አታገኝም። ለዚ ነው ቶዮታ 2ኤልም ሆነ 3ኤልም 5ኤልም ላይ ዲናሞው ጀርባ ላይ የቫኪዩም ፓምፕ ለጥፎ የሚያወጣው፣ ዲናሞው ሲሽከረከር ፓምፑም አብሮ ይዞራል።

እኔ የምጠረጥረው ሞተሩን ያለ ዲናሞ ሸጠውልህ ገጣሚው የቤንዚኑን ዲናሞ ቀንሶ አስሮበት ይሆናል። ዲናሞህን ከጀርባው እየው። የድልህ ቆርቆሮ የምታክል ክብ ብረት ተለጥፋበት ከሷም ሦስት መስመር መውጣት አለበት፣ ቀጭኑ ከሞተሩ ዘይት የሚያመጣ፣ ወፍራሙ ዘይቱን ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) የሚመልስ፣ ሦስተኛው ወደ ሰርቮው የሚሄድ። ጀርባው ባዶ ከሆነ ችግርህን አገኘኸው ማለት ነው።

ፓምፑ ኖሮም ላይሠራ ስለሚችል እንዲህ ሞክረው። ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጠው እስኪደነድን፣ ከዛ እግርህን ሳታነሳ ተጭነኸው ሞተሩን አስነሳ፣ ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ሠርቷል፣ ፍንክች ካላለ ቫኪዩም አልደረሰውም ወይ ላስቲኩ ተቀዷል። ለመለየት ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ከሰርቮው ንቀልና አፉን በአውራ ጣትህ ዝጋው፣ ጣትህን ጥብቅ አድርጎ መሳብ አለበት፣ ካልሳበ ችግሩ ከፓምፑ በኩል ነው፣ ከሳበ ከሰርቮው ነው። የቫኪዩም መለኪያ ጌጅ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ደግሞ የጥገና መጽሐፉ ቁጥር አልመጣም ብለው ደህና ፓምፕ እንዳያስጥሉህ፣ ባሕር ዳርም ወረታም 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ እዚ አካባቢ የትኛውም ፓምፕ ከ610 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብዙም ማለፍ አይችልም፣ 550 ካነበበልህ ለኔ በቂ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ከዚም ይወርዳል፣ ስለዚ ከላይ ስትነሳ ገና ከጅምሩ በከባድ ማርሽ ውረድ።

ዲናሞውን ስትገዛ ከነፓምፑ የኤል ሞተር መሆኑን አይተህ፣ 12 ቮልት የሚል መሆኑንም አንብበህ ግዛ፣ 24 ቮልት የሆኑ የጃፓን ናፍጣ መኪኖች ስላሉ ሻጩ በቃሉ ቢነግርህም በዓይንህ እየው። ሲገጠም ራስህ ቆመህ እንድታይልኝ የምለምንህ የዘይቱን መስመር ነው። አንዴ ዘጌ መንገድ የምትመላለስ ፒክአፕ መጣችልኝ፣ ፓምፑ ተገጥሞላታል፣ የዘይት መግቢያው ግን በቡሎን ተደፍኗል። ሦስት ቀን ፍሬኑ ቅቤ ነበር አለኝ ባለቤቱ፣ በአራተኛው ቀን ጓ ብሎ ቀረ። ስፈታው ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላጮች ተፈጭተው ጥቁር ዱቄት ሆነዋል፣ ዲናሞውም አብሮ ሄዷል፣ ይሄ ሁሉ አንዲት የዘይት ቱቦ ስላልታሰረች ነው፣ ሰውየው ደግሞ ቤተሰቡን ጭኖ ነበር የሚሄድባት፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳትህ በፊትም በመግቢያው በኩል ትንሽ የሞተር ዘይት በእጅህ ጨምርበት፣ በደረቁ አይነሳ። መመለሻው ቱቦም ሳይታጠፍ ቁልቁል ይውረድ፣ ከታፈነ ዘይቱ በቫኪዩሙ መስመር አድርጎ ሰርቮው ውስጥ ይገባና ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ራሱ ለቫኪዩም የተሠራ ጠንካራ ጎማ ይሁን፣ የውሃ ጎማ ከሆነ ይጨማደድና ይዘጋል። መሀሉ ላይ ያለችው ቫልቭ ቀስት አላት፣ ቀስቷ ወደ ፓምፑ ትይ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማስተርህ በከንቱ ስለተቀየረ ነው። ከሰርቮው ወጥቶ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ከአዲሱ ማስተር ጋር ልኩ ካልተስተካከለ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ፓምፑ ተገጥሞ ፍሬኑ ከለሰለሰ በኋላ ሜዳ ላይ አምስት ኪሎሜትር ያህል ንዳና ውረድ፣ እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ ሁሉም የሚፋጁ ከሆነ ዘንጉ ረዝሟል፣ ማስተሩን ፈተህ ዘንጉን ማሳጠር ነው።

የሞተር ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ የሞተር ቁጥሩ ተቀይሯል፣ የገዛህበትን ደረሰኝ ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ አስመዝግበው፣ ለቦሎ ስትሄድ ከሚያዝብህ አሁን ጨርሰው። መጀመሪያ ግን ዲናሞውን ከጀርባ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ፓምፑ ካለ የቱ መስመር እንደጎደለ አይቼ እነግርሃለሁ።