«ይታያል» ብላችሁ አትመልሱ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰንበት ሦስት የሰፈራችን ወጣቶች ቤቴ መጡ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ናቸው፤ አንዷ በጽዳት ማኅበር ታቅፋ ቤት ለቤት ቆሻሻ ትሰበስባለች። «ጋሼ፣ ምክር ቤት ገብተን ሰፈራችንን ማገልገል እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» አሉኝ። ከአቦል እስከ በረካ ስናወራ ቆየን። ከሄዱ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳቸው ታወቀኝ። ይህን የምጽፈው ለእነሱም፣ እንደነሱ ለምታስቡት ለሌሎቻችሁም ነው።

በሙያዬ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ጎንደር ተምሬ ስወጣ ወደ ሰሜን ሸዋ ተመደብኩ፤ ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ምንጭ ሳጎለብት፣ መጸዳጃ ሳስቆፍር፣ ምግብ ቤቶችን ስፈትሽ ዕድሜዬ አለፈ። በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ በዞናችን ካሉት ከተሞች በአንዷ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኜ ተመርጬ አምስት ዓመት አገለገልኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የማነሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው አሉና።

በተመረጥኩ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ አንዲት እናት ከኪዳን ሲመለሱ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር የቦዩ የብረት ክዳን ተነስቷል፤ ከበላዩ ያለው የመንገድ መብራትም ጠፍቷል። «ልጄ፣ ያ ጉድጓድ ሰው ሳይበላ አይቀርም። አንተ ትልቁ ስብሰባ ስለምትገባ ንገርልን» አሉኝ። እኔም «ይታያል እማማ» ብዬ ሄድኩ።

ያችን ቃል የለመድኳት ከስብሰባ ነው። እዚያ «ይታያል»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በጀት ሲፈቀድ ምላሽ ያገኛል» ሲባል ይዋላል። ማንም ውሸት አልተናገረም፤ ግን ማንም ምንም አልያዘም። አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ምላሴ ያንን ተምሮ ነበር።

ነሐሴ ገባ። በፍልሰታ ጾም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን እኒያ እናት መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቦዩ ሞልቶ ከመንገዱ ጋር ተስተካክሎ ነበር። ውሃው ጉድጓዱን ደፍኖታል፣ መብራት የለም፣ ሰማዩም ጭጋግ ነው። መንገድ መስሏቸው ረገጡት። ያወጧቸው ከኋላ የሚመጡ ምእመናን ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። መጀመሪያ ወጌሻ ተጠራ፣ በማግስቱ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው ድጋፍ መሄድ አልቻሉም።

ልጠይቃቸው ስገባ መደብ ላይ ተጋድመዋል፤ ጋቢያቸው እንደ ረጠበ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እርሳቸው ግን አልወቀሱኝም። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ክዳኑ ገባ?» አሉኝ።

አልገባም ነበር።

እስከ ዛሬ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ነበር የሚያስቡት። እኔ ደግሞ መልስ የመስጠት ኃላፊነት የኔ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሜትርና ደብተር ይዤ ወጣሁ። ምንጭ ስንመረምር እንደምናደርገው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከ14ቱ መብራት የሚበራው 3 ብቻ ነው። ክዳን የሌለው የቦይ አፍ 9። ክዳኖቹ የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ኳስ የሚጫወት አንድ ሕፃን «ቁራሌው ጋ ነዋ» አለኝ። ትልልቆቹ ያልነገሩኝን እሱ ነገረኝ። ብረቱ ሌሊት እየተነሳ በኪሎ ይሸጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለእኒያ እናት ችግሩ አንድ ነው፤ «ያ ጉድጓድ» ነው። ለመንግሥት ግን ሦስት ቦታ የተቆራረጠ ጉዳይ ነው። ቦዩ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። መብራቱ አምፖሉ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ኃይሉ የሌላ ነው። ስርቆቱ የፖሊስ ነው። ሁሉም ዘንድ ሄጃለሁ፤ ሁሉም «የኛ አይደለም» ያሉኝ ስለ ራሳቸው ድርሻ ትክክል ነበሩ። ነዋሪው ይህን ክፍፍል የማወቅ ግዴታ የለበትም። የተመረጠው ሰው ግን አለበት። የምክር ቤት አባል ሥራ የተቆራረጠውን መልሶ አንድ ማድረግ ነው፤ ንግግር ማድረግ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጉዳዩን ይዤ ስቀርብ የተሰጠኝ መልስ «ዘንድሮ አይቻልም» የሚል ነበር። አልተሳሳቱም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እኔ ነሐሴ ላይ ስመጣ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ብዙ ጥሩ ጥያቄ እንዲህ ወሩን ስቶ ይቀራል። ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ጥያቄ ሚያዝያ ሳይወጣ በጽሑፍ ማስገባት ልማዴ ያደረግሁት፤ ቦታው፣ ብዛቱ፣ የማን ድርሻ እንደሆነ፣ ግምቱ ስንት እንደሆነ ተጽፎ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀሪው እጄ ላይ ሆኖ። «ሕዝቡ ተቸግሯል» የሚል ንግግር ጭብጨባ ያስገኛል። «ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አስፋልቱ 9 ክዳን የለም» የሚል ወረቀት ግን ለኃላፊው ማምለጫ አይተውለትም።

ወደ እኒያ እናት ተመልሼ ሄድኩና «እማማ፣ ዘንድሮ በጀት የለም ተብሏል» አልኳቸው። ለመናገር አፍሬ ነበር። እርሳቸው ግን «እንግዲያው ለዕድሩ ልንገር» አሉ። የሰፈሩ ሦስት ዕድሮች በአንድ ቀን ተሰበሰቡ። ብረት ከገባ ነገም ቁራሌው ጋ ይሄዳልና የአርማታ ክዳን ይሁን የሚለውን ሐሳብ ያመጣው አንድ ግንበኛ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሌላ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ሰጠ፤ ፌሮውን ዕድሮቹ ገዙ፤ አርማታው የሚፈስበትን ካዛፎርማ የሠሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። አንዱን ክዳን ለማንሳት አራት ሰው ይፈልግ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ መሬቱን ነጭ ባደረገበት ጠዋት፣ ዘጠነኛው ገባ። መብራቱ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በጀት ተያዘለት።

«አይሆንም» የሚል መልስ ይዞ መመለስ ያሳፍራል ብላችሁ አትሰወሩ። ሰው የሚቀየመው በመከልከሉ ሳይሆን በመረሳቱ ነው። እኔም ያን «የለም» ባልነግራቸው ኖሮ ዕድሩ አይነሳም ነበር።

አሁን ስለ ጸጥታ ልንገራችሁ፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው።

የኔ ዘመን ሰው «የቀበሌ ጥበቃ» ሲባል የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ቀበሌ የተመሠረተው በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ነው፤ የነዋሪው ማኅበር ተብሎ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን የቀበሌ አዳራሽ እስር ቤት ሆነ። በ1969 እና በ1970 ጠመንጃ የተሰጠው የሰፈር ልጅ የሰፈሩን ልጅ እየያዘ አስገባ። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ገብተው ያልወጡ እኩዮች ነበሩኝ። ስለዚህ የሰፈር ወጣት በሌሊት ዱላ ይዞ ሲቆም ባየሁ ቁጥር ደስታና ስጋት አብረው ይመጡብኛል።

ሮንድ፣ የሰፈር ሰው በተራ የሚያድርበት የሌሊት ጥበቃ፣ ጥሩ ነው። በብርድ የመንዝ ባና ደርቦ፣ እሳት አንድዶ፣ ተራውን ሳያጓድል ሲጠብቅ የሚያድርን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ሮንድ ያያል፣ ይጮኻል፣ ይጠራል፣ ይይዛል፤ አይቀጣም። አንድ ሌሊት የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት የያዘ ልጅ ተያዘ። ደውለውልኝ ስደርስ ልጁ መሬት ላይ ተንበርክኳል፣ ከንፈሩ ደምቷል፤ ዙሪያውን የቆሙት ወጣቶች ደግሞ አብዛኞቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፣ ክትባት ያስከተብኳቸው ናቸው። አንደኛው «ጋሼ፣ ፖሊስ ነገ ይለቀዋል፤ እኛ እናስተምረው» አለኝ። በልጁና በእነሱ መካከል ቆምኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ እንደሚል፣ አንቀጽ 20 ደግሞ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። የሰሙኝ «ይህ ልጅ ዛሬ ቢሞት ነገ ታሳሪው አንተ ነህ፣ አባትህ ስንቅ ያመላልሳል» ስላቸው ነው። ፖሊስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል በብርድ ቆምን። ልጁ ሰርቶታል፤ በሕግ ተፈረደበት። ያልሰረቀ ሰው ሲሆን ብቻ አይደለም መከላከል ያለብን።

ባለፉት ዓመታት ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደብረ ብርሃንን ጨምሮ በዞናችን ከተሞች ተጠልለዋል። አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር ጣት ወደ እነሱ ሲቀሰር እሰማለሁ። እባካችሁ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ዝም አትበሉ። ማን አየ፣ መቼ፣ የት ብላችሁ ጠይቁ። ወሬ በምክር ቤት አባል ፊት ካለፈ ውሳኔ መስሎ ይወጣል።

የሰፈርን አደጋ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴቶቹን ጠይቁ። የማታ ተማሪዋን «ስትመለሺ በየት አታልፊም?» በሏት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ በፈረቃ የሚወጡ ልጆች በርክተዋል፤ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚሮጡ እነሱ ያውቃሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስለምትገባ የትኛው ቤት ሌሊት ጩኸት እንዳለ ታውቃለች። አንዳንዴ የጸጥታ ስብሰባ ስንጠራ አዳራሹ በወንድ ይሞላና የማይፈራውን መንገድ ሁሉ ተወያይተን እንበተን ነበር።

ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ ጉዳይ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከተመረጣችሁ በሳምንቱ ዘመድ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውን ይጠቅሱላችኋል። እኔ ከተሻርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ባልበላሁት አንድም ቀን አልቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ያ «ይታያል» ያልኩት ነው። ቦታ መስጠት የምክር ቤት አባል ሥልጣን አይደለም። አሰጣጡ በደንቡ መሠረት መሆኑን መከታተል ግን ግዴታው ነው፤ የአጎቱን ልጅ ፋይል የገፋ ሰው ደግሞ የሌላውን መጠየቅ አይችልም። ዘመድ ይቀየማል፤ እኔም ሁለት ዘመዶቼ ለዓመታት ሰርግ አልጠሩኝም። ቻልኩት።

የአካባቢ ምርጫ በክልላችን ከሚያዝያ 2005 ወዲህ አልተካሄደም። ቀጣዩ እስኪጠራ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ከመመረጣችሁ በፊት ጠያቂ ሁኑ። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ ወረቀት አስገቡ፤ ቁጥሩን ያዙ፤ በወሩ ተመልሳችሁ ጠይቁ። አድካሚ ነው፤ ደጅ መጥናት አለው። ግን ዳር የደረሰ አንድ ጉዳይ ከመቶ አቤቱታ ይበልጣል።

ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ። ያልተመለሱ ሦስት ጥያቄዎች ቀርተውበታል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጆች የሚቆሙበት ቦታ፣ ከገበያው በታች ያለው የቆሻሻ ገንዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የጠፋው መብራት። ለዚያች የጽዳት ማኅበር ልጅ ሰጠኋት። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልጅቷ ሜትር ይዛ እኔ ከዘራዬን ይዤ፣ ከወፍጮ ቤቱ እንጀምራለን።