ጌሙ አልተበላሸም፣ ቶሎ የሚያልቀውን መንገድ ይዘህ ነው

«ልዕልቷን ግደላት ተባልኩ፣ ገደልኳት፣ ወዲያው አለቀ» ያልከው «ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ» የሚባለው ጌም ካሉት መጨረሻዎች አንዱ ነው። ሳታመነታ ከገደልካትና ተራኪው፣ ማለትም ግደላት እያለ የሚያዝህ ድምፅ፣ የሚሰጥህን ዘላለማዊ ደስታ እሺ ብለህ ከተቀበልክ እዚያው ይዘጋል። ዋናውን ታሪክ ገና አላየኸውም።

አዲስ ጨዋታ ጀምር። ልዕልቷ ያለችበት ጎጆ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቢላዋ ሳታነሳ ወደ ምድር ቤቱ ውረድ። ደረጃው ላይ ሳለህ ድምጿን ልብ ብለህ ስማ። ቢላዋ ይዘህ ስትሄድ ኮስተር ትላለች፤ ባዶ እጅህን ስትሄድ ግን ለስለስ ያለች ናት። ገና ከዚህ ጀምሮ መንገዱ ይለያያል።

ከዚያ ምርጫዎቹን ዝም ብለህ አትለፋቸው። አዋራት፣ ጠይቃት። ተራኪውንም ተከራከረው። ድምፁን የሰጠው ጆናታን ሲምስ ነው፤ እንቢ ባልከው ቁጥር እየተነጫነጨ ይመልስልሃል። በዚህ ጨለማ ታሪክ ውስጥ የሚያስቀው እሱ ነው፣ በጣም ነው የምወደው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስትሞት ሴቭ ወዳደረግክበት አትመለስ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በሞትኩ ቁጥር እየተመለስኩ አንዱ ቦታ ላይ ስሽከረከር አመሸሁ። እዚህ ጌም ላይ መሞት መሸነፍ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በሞትህ ነው። መመለሱን ተወት አድርጌ ስቀጥል ጌሙ የሚጀምርበት ጫካ ውስጥ ያው መንገድ ላይ ተገኘሁ። ታች የምትጠብቀኝ ልዕልት ግን ሌላ ሆናለች፤ ያደረኳት ነገር መልኳን ቀይሮታል።

በ2024 የወጣውን ነፃ ማሻሻያም ጫነው፣ አዳዲስ ምዕራፎች አሉት።