ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ድመትሽን በዓይንሽ እዪው

እህቴ፣ «ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ድመት አለኝ፤ ቤቱን ላሳድስ ነው፤ እስኪያልቅ ዘጌ ዘመድ ጋ ልላከው ወይስ እዚሁ ይቆይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አትላኪው። ድመት ቤቱን ነው የሚለምደው። ዘጌ አንድ ቀን በር ከተከፈተ የቡናው ጫካ ውስጥ ገብቶ ቀረ ማለት ነው። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ ያለውን የእናቴን ቤት ሳሳድስ ድመቴን አንበሴን እዚያው ነው ያቆየሁት።

1. መጨረሻ የሚነካውን ክፍል ለእሱ ስጪው፤ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ከዋዜማው። ምግብ፣ ውኃ፣ አሸዋ ያለበት ሳፋ፣ የሚተኛበት ጨርቅ ሳይታጠብ። የራሱ ሽታ ያረጋጋዋል። መደበቂያ ካርቶንም አስገቢለት። መስኮቱ የትንኝ ወንፊት ካለው ክፈቺው፤ የሚያዝያን ሙቀት ታውቂዋለሽ።

2. ቁልፉ ኪስሽ ይሁን። «በሩን እንዳትከፍቱ» ብሎ መለመን ዋጋ የለውም። የእኔ ኮርኒስ ሠሪ ሜትር ፍለጋ ብሎ ከፈተው። የአንቺም ቤት እንደኛው አቡጀዲ ኮርኒስ ነው መቼም። አቡጀዲው ወርዶ ሰውየው ችፑድ እየመታ ነበር፤ ውጭ ደግሞ ግራይንደር ይጮኻል። ቀጭን ድምፅ ሲሆን የሰው ጆሮ 20 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 20 ሺህ ንዝረት) ላይ ያቆማል፤ የድመት ግን 64 ሺህ ገደማ ይደርሳል። እኛን ያደነቆረን እሱን ምን እንደሚያደርገው አስቢው። አንበሴ ቁምሳጥን ላይ ዘሎ ጣሪያ ውስጥ ገባ። ሰውየው አይቷል! አይቶ የመጨረሻውን ችፑድ መታበት፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ስጠይቀው «ወደ ውጭ ወጥቷል» አለኝ።

ሰፈሩን ስዞር አመሸሁ። የፈራ ድመት ቢጠሩትም አይመልስም፤ ጸጥታ ይጠብቃል። ሌሊት ላይ አምባዛ ጠበስኩና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከሳሎኑ ጥግ፣ ከላይ፣ ቧጨር ቧጨር። ጠዋት ሰውየውን ብጠራው ለመክፈቻ አንድ ሒሳብ፣ ለመዝጊያ ሌላ ጠየቀኝ። የዘጋው እሱ፣ ከፋዩ እኔ! ተውኩትና ምስማሩን ራሴ ነቀልኩ። መልሼም ራሴ መታሁት፤ እናቴን ብትጠይቂ ከእሱ ሥራ የእኔው ይሻላል።

ስትዋዋዪ በግልጽ ተናገሪ፦ ድመቱን በዓይንሽ ሳታዪ የመጨረሻው ችፑድ አይመታም፣ ቀሪው ሒሳብም አይከፈልም።

3. ሴራሚክ ካለ፣ እርጥብ ሲሚንቶ መዳፉን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰው አፉንም። ከነካው ቶሎ በውኃ እጠቢው። ዘይት ቀለም ቢነካው በአኳራጅ ለማስለቀቅ እንዳትሞክሪ። ለምስጥ የሚረጭ መድኃኒት ካለም ስሙን አንብቢ፤ ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው።

4. ወንድ ድመት ሲጨነቅ ሽንቱ ሊዘጋ ይችላል። አንበሴም ከጣሪያ ከወጣ በኋላ ሳፋው ላይ እየተቀመጠ ጠብታ አልወጣህ አለው። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በሁለት ሦስት ቀን ይገድላል። የሄድኩበት የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ያለው ሰው ከት ብሎ ሳቀ። «ለድመት ነው ባጃጅ ኮንትራት የያዝከው?» ፍየል የያዘ ሁሉ ሲገባ እኔ ካርቶን ታቅፌ ቆምኩ። ሌላ ቦታ ወስጄ ነው የታከመልኝ። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ደውለሽ ድመት የሚያይ ሐኪም አረጋግጪ። ሳፋውን ጠዋት ማታ እዪው፤ አሸዋው ደረቅ ከሆነ በዚያው ቀን ይዘሽው ውጪ።