ስፒከር ልግዛ ወይስ ልሥራ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ናቸው። «ለኮምፒውተሬ ስፒከር ልግዛ ወይስ ራሴ ልሥራ?» ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ውስጥ እነሆ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ብር አልጠራም።

«ላፕቶፕ ላይ ፊልም አያለሁ፣ ሙዚቃ እሰማለሁ። የተከራየኋት ክፍል ሦስት በሦስት ናት። ገዝቼ ልገላገል ወይስ ልሥራ?» (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

ግዛ። ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ስፒከሩ ካንተ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። በዚህ ርቀት 10 እውነተኛ ዋት ይተርፍሃል። ለዚያ ብለህ እንጨት መቁረጥና መበየድ አያስፈልግህም።

ሳጥናቸው እንጨት የሆነ፣ ዉፈራቸው (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ከሦስት ኢንች የማያንስ ሁለት እኩል ስፒከሮች ፈልግ። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ያለውን ግን አልመክርህም። ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰብዉፈሩ ይደበድባል፣ ትንንሾቹ ይጮኻሉ፣ መሐል ላይ ያለው ድምፅ ይጠፋል። የሰው ድምፅ፣ ክራሩና ማሲንቆው ያሉት ደግሞ እዚያው መሐል ላይ ነው።

መሥራት የሚያዋጣህ ሥራውን ራሱን ከወደድከው፣ ወይም ጥሩ ስፒከር ከተበላሸ ቴፕ ላይ በነፃ ካገኘህ ነው። «ይረክስልኛል» ብለህ ከሆነ ተወው። ሁሉን ዕቃ አዲስ፣ አንድ በአንድ ስትገዛ፣ ከአዲስ አበባ ማስመጫው ሲጨመርበት፣ ከተዘጋጀው ይበልጥብሃል።

«ካርቶኑ ላይ 1200 ዋት ይላል። እውነት ነው?» (ሸዋ ሮቢት)

አይደለም። ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 40 ዋት» የሚል ነገር ታገኛለህ። ከሶኬት 40 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1200 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ቮልቱን በአምፒር አባዛው። 12 ቮልት 2 አምፒር ማለት 24 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ አይሰጥህም። ከድሮው የኮምፒውተር ዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስደው ደግሞ 5 ቮልት በግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው ያለው። ካርቶኑ ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል ቃል ካየህ ቁጥሩን እርሳው፤ ለገበያ የተጋነነ ነው። የሚታመነው «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው።

«ከድሮ ቴፕ የወጡ ሁለት ባለ 4 ኢንች፣ 8 ኦም ስፒከሮች አሉኝ። ትዊተርም (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) አላቸው። ምን ምን ልግዛ?» (ደብረ ሲና)

አንተ ሥራ! መጀመሪያ ግን ስፒከሮቹን እያቸው። ፊቱ ላይ ያለውን፣ ድምፅ ሲወጣ የሚርገበገበውን ወረቀት በሁለት አውራ ጣትህ ቀስ አድርገህ ግፋው። ሲፋቅ ከሰማህ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል፤ አትድከምበት። ዙሪያው ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ በጥፍርህ ንካው። ካረጀ ይፈረፈራል። ጎማ ከሆነ ዕድለኛ ነህ።

አምፕ (አምፕሊፋየር)፦ «ቲፒኤ3116» የሚል ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ ፈልግ። ኃይሉን ደግሞ ከድሮ የላፕቶፕ ቻርጀር ውሰድ። 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር የሚል ከሆነ 65 ዋት ነው። በ8 ኦም ስፒከር በየጎኑ 20 ዋት ገደማ ይሰጥሃል። አንድ ነገር አደራ። በዚህ ቦርድ ላይ የግራውንና የቀኙን ስፒከር ነጌቲቭ አንድ ላይ እንዳትቋጥር። ቦርዱን ታቃጥለዋለህ።

ሳጥን፦ የስፒከሩ ልኬቶች የተጻፉበት የፋብሪካ ሰነድ ከሌለህ ድፍን ሳጥን ሥራ። ባለ ቀዳዳው ስሌት ይፈልጋል፤ ስሌቱ ከሳተ ቤዙ ባዶ በርሜል ይመስላል። ለባለ 4 ኢንች ውስጡ 16 በ16 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ጥሩ መነሻ ነው፤ 6 ሊትር ገደማ ይሆናል። የኪችን ካቢኔት የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂድ። የ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ቁርጥራጭ አያጡም፤ በማሽናቸው ቀጥ አድርገው ይቆርጡልሃል። በእጅ መጋዝ አትሞክረው፤ ጠርዙ ካልገጠመ አየር ያሾልካል። ኮላውን ቀብተህ፣ በገመድ ጥፍር አድርገህ አስረህ፣ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተወው። በእኛ ብርድ ኮላ ቶሎ አይደርቅም።

ውስጡን በምን ልሙላው ትለኝ ይሆናል። የበግ ጠጉር! ሌላው አገር የስፒከር ሠሪዎች በገንዘብ የሚገዙት ነገር እኛ ጋ ከመንዝ በግ ይሸለታል። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ በጣትህ አፍታታው። ለ6 ሊትር ሳጥን 60 ግራም ገደማ ይበቃል። አትጠቅጥቀው፤ ልቅ ይሁን። ሥራው ሳጥኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚላተመውን ድምፅ መዋጥ ነው። በስስ ጨርቅ ከረጢት ብታደርገው ስፒከሩ ውስጥ አይገባም፤ ብል እንዳይበላውም በዓመት አንዴ ከፍተህ ታየዋለህ።

ትዊተሩን በቀጥታ አትሰካው፤ ይቃጠላል። ከፊቱ 4.7 ማይክሮፋራድ የሆነ፣ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ የማይለይ (ፖል የሌለው) ካፓሲተር በተከታታይ አስገባ። በ8 ኦም ከ4,200 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቀንስለታል። ቴፑ ውስጥ ትዊተሩ ላይ የተበየደ ካፓሲተር ካለ ያንኑ ተጠቀም።

ከጨረስክ በኋላ ዝቅ ያለ የቤዝ ድምፅ ክፈትና ጧፍ ለኩሰህ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ቀስ ብለህ አዙር። ነበልባሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ያሾልካል። እዚያ ላይ ሲልከን ቀባ።

«ሠርቼ ጨረስኩ። ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። አንዱን ብቻ ስሰማ ግን ደህና ነው።» (መሐል ሜዳ)

አንዱ ገመድ ተገልብጧል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እኔንም ገጥሞኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ሳጥኑ ላይ ጥዬ፣ አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ። አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ የሁለቱ ግፊት እርስ በርሱ ይጣፋና ቤዙ ይጠፋል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰድ። አምፑን ንቀልና ባትሪውን የስፒከሩ ገመድ ላይ ለቅጽበት አስነካ። «ጠቅ» ይላል። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ገመድ ፖዘቲቭ ነው። ቀይ ቀለም ቀባው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ቀዩን ከቀይ አገናኝ። ማታውኑ ቤዙ ይመለስልሃል።

«ላፕቶፔን ቻርጅ ሳደርግ ስፒከሩ ያጉረመርማል።» (ደብረ ብርሃን)

ቻርጀሩን ስትነቅል ዝም ካለ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። በግራውንድ በኩል የሚዞር ሞገድ ነው። ሁለቱንም ከአንድ ኤክስቴንሽን ሰካ። ካልተወ በድምፅ ገመዱ መሐል የሚገባ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ግን በፍጹም አትቁረጥ። እሱ ነፍስህን ነው የሚጠብቀው።

«ብሉቱዝ ይሻላል ገመድ?»

ለሙዚቃ ሁለቱም ይሆናል። ቪዲዮ የምታቀናብር ከሆነ ገመድ፤ ብሉቱዝ ዘግይቶ ስለሚደርስ አፍና ድምፅ አይገጥምልህም።

«መብራት ሲጠፋ ሙዚቃው አብሮ ይጠፋል። መላ አለው?» (ሸዋ ሮቢት)

አለው። በእጅ የተሠራውን የምወድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከላይ ያልኩት የቲፒኤ3116 ቦርድ በ12 ቮልትም ይሠራል። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቀም። በመጠነኛ ድምፅ 10 ዋት ቢወስድ እንኳ አራት ሰዓት ያቆይሃል። የአምፑ ኃይል ይቀንሳል፤ በ8 ኦም በየጎኑ ቢበዛ 9 ዋት ገደማ ነው። ለአንድ ክፍል ምን ጎደለው? ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ግን ፊውዝ አድርግ።

«ጋሼ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ የዚህ ዓይነት ብንሠራስ? ሁለት መቶ ሰው ይይዛል።» (አንድ መምህር፣ አንኮበር)

መምህር፣ እባክዎ አይሥሩ። ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚያረካኝ ነገር ኋላ የተቀመጡት ልጆች ጋ ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል። ያገለገለ ጥንድ ሞንታርቦ ይግዙ። ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉትና ማይኩን ሁልጊዜ ከስፒከሩ ኋላ ያቁሙት። ከፊቱ ከቆመ ያፏጫል።

«ጥሩ ስፒከር ገዝቼ ድምፁ አላማረኝም። ልመልሰው?»

ቆይ። ክፍልህ መሐል ቆመህ አጨብጭብ። «ዝንንን» የሚል ነገር ከተከተለ ችግሩ የግድግዳው ነው። ፊት ለፊትህ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም። ከዚያ ስፒከሮቹን ከጥግ አውጣቸው፤ ጥግ ቤዙን ያሳብጠዋል። ትዊተሩ ጆሮህ ትክክል ይሁን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንተ ከእያንዳንዳቸው ካለህ ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ኮርኒስህ ማዳበሪያ ከሆነና ቤዝ ሲመታ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ የላላውን ቦታ ወጥረህ ምታው። ስንቱ ሰው ይህን ሳያይ ስፒከር ቀይሯል።

«ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ራሴ ስፒከር ካልሠራሁ ትላለች። ያስፈራኛል። ልከልክላት?» (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ እባክሽ አትከልክያት። የሚያስፈራው 220 ቮልቱ ነው፤ እሱን የያዘ ዕቃ አትክፈት። «ፓም8403» የሚባል አውራ ጣት የምታህል ቦርድ ግዥላት። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ አይወድም። የሚሰጠው በየጎኑ ቢበዛ 3 ዋት ነው። በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሠራ ከነበረ የተሰበረ ሬዲዮ ላይ አንድ ስፒከር ታውጣና በጫማ ካርቶን ትጀምር። ካርቶኑ ላይ ሰምታ እንጨት ላይ ስትሰማው ልዩነቱን ራሷ ትነግርሻለች። ስትበይድ መስኮት ይከፈት፣ ፀጉሯ ይታሰር። ስትጨርስ ደግሞ ምግብ ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ የብየዳው ሽቦ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የከበዳት ነገር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛው ትምጣ፤ አብረን እናየዋለን።