ላውጣው ወይስ ልተወው?

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት አራት ገጽ ጽሑፍ ላከችልኝ። ስለ ድባቴዋ ነው የጻፈችው። ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምራለች፤ «ጋሼ፣ ላውጣው ወይስ ልተወው?»

ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስንፍና አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ስንፍናም አለበት።) ዋናው ምክንያት ግን ጥያቄዋ የራሴም የቆየ ጥያቄ መሆኑ ነው። 31 ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። ከድባቴ ጋር ከተዋወቅን ደግሞ 20 ዓመት ሆነን። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ለማገናኘት የደፈርኩት ግን በ51 ዓመቴ ነው። ለእሷ የጻፍኩትን ትንሽ አስፍቼ ለእናንተም ላድርሰው ብዬ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ልክ ነው። ተረቱ ግን በሽታው ለማን እንደሚገለጥ አይናገርም። ለሐኪም መንገር አንድ ነገር ነው። ለጓደኛ መንገር ሌላ ነው። ለማታውቁት አንባቢ መንገር ደግሞ ሌላ። ዛሬ ሦስቱም እጃችሁ ላይ ባለች አንዲት ስልክ ይሆናሉ፤ በአንድ ሌሊትም ያልቃሉ። እኔ የምለምናችሁ በመካከላቸው ጊዜ እንድታስገቡ ነው።

ለምን እንደምለምን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የታመምኩት በ38 ዓመቴ ነው። ያኔ የሞነጫጨርኩበት ደብተር እስካሁን አለኝ። ከዓመት በኋላ ከፍቼ ሳነበው ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ ማዘኑ አልነበረም፤ ጥሩ መጻፉ ነው። እንደ አርታኢ ነው የምናገረው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ስለታም ናቸው፣ አይጠራጠሩም። «ለማንም አልጠቅምም።» «ታግሰውኝ ነው እንጂ የሚወደኝ የለም።» «ከዚህ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም።» አንድም ቦታ ላይ «ምናልባት» የሚል ቃል የለም። ከተጻፈው ውስጥ ደግሞ እውነት የሆነ አንድም አልነበረም። እጁ የእኔ ነው፤ ያስጻፈው ግን ሕመሙ ነው። ድባቴ ሲያስጽፍ አይንተባተብም። የሚንተባተበው ሲሻለው የሚጽፍ ሰው ነው።

ያን ደብተር በዚያ ሰሞን አውጥቼው ቢሆን ኖሮ አንባቢ «እንዴት ያለ ሐቀኛ ጽሑፍ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምነው ነበር። ስለዚህ በማዕበሉ መሃል ሆናችሁ ጻፉ፣ ግን አታውጡ። አስቀምጡት። ቀና ብላችሁ፣ እንቅልፋችሁ ተመልሶ፣ የሰው ቀልድ ሰምታችሁ መሳቅ ስትጀምሩ አንብቡት። ያን ጊዜ የትኛው መስመር የእናንተ፣ የትኛው የሕመሙ እንደሆነ ትለያላችሁ። ለእኔ ዓመት ፈጀብኝ። ለእናንተ ወራት ይበቋችሁ ይሆናል።

ማንም ያላየው ጽሑፍ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለተከታታይ 4 ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ አስጻፉ። ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ገሚሶቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር። ስለ ከባዱ ነገር የጻፉት ወዲያው እንደጨረሱ ይበልጥ ከፋቸው። በተከታዮቹ ወራት ግን የሆነውን ከነስሜቱ የጻፉት ተማሪዎች ወደ ክሊኒክ የመሄዳቸው ነገር ከሌሎቹ አነሰ። ተአምር አትጠብቁ፤ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ጥናቶች ጥቅሙ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ኖሯል፣ ሲገኝም መጠነኛ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ያ ጽሑፍ አደባባይ አልወጣም። ላይክ አልተቆጠረለትም። የጠቀመው መጻፉ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ላም የበላችውን መልሳ እንደምታመሰኳ አእምሮም ያመሰኳል። ድባቴ ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ የተካነ ነው። ዛሬ የጻፋችሁት የትናንቱ ከሆነ፣ የነገውም ያው ከሆነ፣ መጻፉ ማመስኳት ሆኗል ማለት ነው። ብዕሩን አስቀምጡና ተነሥታችሁ በእግራችሁ ሂዱ። የት ቢባል የትም።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ፣ ሥራዬ ነው። ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ክፉኛ ያስቸግራል። «ደበረኝ» እንላለን። ፊልሙ ይደብራል፣ ስብሰባው ይደብራል፣ እሁድ ከሰዓት ይደብራል። ታዲያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰው «ደብሮኛል» ሲል አድማጩ ምን ይበል? «ወጣ ብለህ ተናፈስ» ይለዋል። ክፋት የለበትም፤ የሰማው ቃል ያንን ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን የሚመርጡት ከዚህ ለማምለጥ ይመስለኛል። እኔም የምመርጠው እሱን ነው። እሱም ቢሆን በየወሬው ሲገባ እየሳሳ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ራሱ ሕመም መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ስታይረን በእንግሊዝኛው ስም፣ «ዲፕሬሽን» በሚለው ላይ ያማርር ነበር። ለእንዲህ ያለ ከባድ በሽታ ቃሉ ልፍስፍስ ነው ባይ ነው።

ስለዚህ በስሙ አትተማመኑ። የሆነውን ጻፉ። አንድ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ካልሲ በእጄ ይዤ 40 ደቂቃ ቆየሁ። አንዱን እግር አድርጌያለሁ። ሁለተኛውን ማድረግ አቃተኝ። ምን ታስብ ነበር ብትሉኝ፣ ምንም። አላዘንኩም፣ አላለቀስኩም። ከሕመሙ የከፋው ይኸ ምንም አለመሰማቱ ነው። በኋላ ሐኪሜ እንዳስረዳኝ፣ በሰፊው በሚሠራበት መመዘኛ 9 ምልክቶች አሉ። ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል መታየት አለባቸው። ከእነሱም አንዱ የግድ ወይ የተጫነ ስሜት ነው፣ ወይ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ። የእኔ ሁለተኛው ነበር። «እኔ እኮ አላዘንኩም፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?» እያልኩ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ስምንት ወር ያባከንኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፌ በወጣ ጊዜ በዓለም ላይ ድባቴ አለባቸው ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ይጠቅሰው የነበረውን የ280 ሚሊዮን ሰዎች ቁጥር መግቢያው ላይ ደንቅሬ ነበር። ትልቅ ሰው እንዲመስልልኝ ነው መቼም። ስለ ቁጥሩ የጻፈልኝ የለም። ሁሉም የጻፈልኝ ስለ ካልሲው ነው።

ዋጋውን ደግሞ ልደብቃችሁ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1972 ቶማስ ኢግልተን የተባለ የአሜሪካ ሴናተር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጨ። ቀደም ሲል በድባቴ ሆስፒታል ተኝቶ መታከሙ ታወቀ፣ እሱም አመነ። በ18 ቀን ውስጥ ከእጩነት ወረደ። ከ26 ዓመት በኋላ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሼል ማግነ ቦንደቪክ በድባቴ ምክንያት የሕመም ፈቃድ መውሰዱን ራሱ ለሕዝቡ አሳወቀ። ለሳምንታት አርፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዘመኑ ተሻሽሏል ልላችሁ ይቃጣኛል፤ ግን እናንተ የምትኖሩት ከሁለቱ በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚወስነው አለቃችሁ ነው። እኔ ጽሑፌን ሳወጣ የተረጋጋ ሥራ ነበረኝ፣ ስምም ነበረኝ። በ24 ዓመቴ ቢሆን ኖሮ ላላወጣው እችል ነበር። ያንን ፍርሃት ብላችሁ አትናቁት። ለመቅጠር የሚያስብ ሰው ዛሬም ከአምስት ዓመት በኋላም ስማችሁን ፈልጎ ያነበዋል። ይህን አውቆ ማውጣትም ሆነ መተው ያስከብራል፤ ሳያውቁ ማውጣት ነው የሚቆጨው።

ጽሑፋችሁ ውስጥ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ እናት፣ ወንድም፣ የተለያችኋት ፍቅረኛ። እነሱ ታሪካቸውን ለማውጣት አልወሰኑም። አስነብቧቸው፤ አይሆንም ካሉ እነሱን የሚነካውን ሰርዙት። እኔ ወንድሜን ሳልጠይቅ አንድ አንቀጽ ስለ እሱ ጻፍኩ፤ ለሁለት ዓመት በስልክ «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ሆንን። ስለ መድኃኒት ስትጽፉም እንደዚሁ ተጠንቀቁ። ለእናንተ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ይልቅ ሰው የማይነግራችሁን ጻፉ፦ የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት እንደማይሠራ፣ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ መጥፎ ጎኑ ከጥሩው ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል፣ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም እንደሚጎዳ። እኔ በሁለተኛው ሳምንት «አይሠራም» ብዬ ልወረውረው ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ኮስተር ልበል። ሞትን ማሰብ ከዘጠኙ ምልክቶች አንዱ ነው። ይህ ሐሳብ ከመጣባችሁ ጽሑፍ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፤ ሰው ነው፣ ዛሬውኑ። ለአንድ ሰው አፍ አውጥታችሁ ንገሩ፣ ወደ ሐኪም ይዟችሁ ይሂድ። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ስትጽፉ እንዴት ልታደርጉት እንደነበር አትጻፉ፤ ምን እንዳቆያችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኦስትሪያ ጥናት የጋዜጣ ዘገባዎችን መርምሮ ነበር። ሐሳቡ መጥቶበት በሌላ መንገድ ስለተወጣው ሰው የሚተርኩ ጽሑፎች ከወጡ በኋላ ራስን የማጥፋት ቁጥር ቀንሶ ታይቷል። ዝርዝሩንና ዘዴውን የሚያወራ ዘገባ ደግሞ ሌላውን ሰው ሊገፋ እንደሚችል ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል። በአርታኢነት ዘመኔ የሰው ዐረፍተ ነገር ሳልጠይቅ የምሰርዘው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ካወጣችሁት በኋላ ደብዳቤ ይመጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከማላውቃቸው ሰዎች ወደ ስልሳ መልእክት ደረሰኝ። ገሚሱ ምስጋና ነው። ገሚሱ በሌሊት ስምንት ሰዓት የተጻፈ ነው። ለሁሉም ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ከእንቅልፌ እየቀነስኩ። በሁለተኛው ወር ራሴ ሐኪሜ ዘንድ ነበርኩ። «ሐኪም ነህ እንዴ?» አለችኝ። አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ አንድ አጭር መልስ አለችኝ፦ አንብቤዋለሁ፣ ብቻዎን አይያዙት፣ ባለሙያ ያነጋግሩ፣ አደጋ ላይ ከሆኑ አሁኑኑ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጥሩ። ቀዝቃዛ ትመስላለች፣ አውቃለሁ። እናንተም የራሳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አዘጋጁ።

ለዚያች ልጅ የመለስኩት ከዚህ ሁሉ አጭር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ስለ ጨለማ፣ ስለ ገደል፣ ስለ ጭጋግ ነበሩ፤ ያንን ማንም ይጽፈዋል። ሦስተኛው ገጽ መሃል ላይ ግን አንድ መስመር አለች። ስልኳ ይጠራል። ታየዋለች። ብዙ ጊዜ ይጠራል። ሲያቆም ታለቅሳለች። ከዚህ ጀምሪ አልኳት። ከዚያ ለሌላ ለማንም ሳታሳዪ ለአንድ ሰው አንብቢለት።

ትናንት ጻፈችልኝ። እስካሁን አላወጣችውም። ለታላቅ እህቷ ግን አንብባላታለች። ለካ የዚያን ቀን ስትደውል የነበረችው እህቷ ናት። ስንት ጊዜ እንደደወለችም ታስታውሳለች። ጽሑፉ ላይ «ብዙ ጊዜ» ይል የነበረው አሁን «አሥራ አንድ ጊዜ» ይላል።