ኮርኒያ ለምን ያረጃል? የዛሬው ጥያቄና መልስ

ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ። ደሴ ላይ ዓይን አክማለሁ። ኮርኒያ ማለት ከዓይናችን ፊት ያለው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ስለሱ ጠይቁ። ጠብታ ግን በራሳችሁ አትግዙ!

ከወልዲያ፦ ዶክተር፣ አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይም የሚባለው ዓይን ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይቺን ነበር የምጠብቀው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው። ፀሐዩ ሲጨመርበት ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ተናካሽ ነገር ይፈጠራል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የሚባለው አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይም ይይዘውና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀይረዋል። አዎ፣ ያው ቁስል የሚታጠብበት። እሱም ይጎዳል፤ ስለዚህ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ውሃ ያደርጉታል። ዕድሜ ሲገፋ ይሄ ቅብብሎሽ ይላላል።

ቅብብሎሹ ሲላላ የሚያሳዝነው በኮርኒያው የኋላ ገጽ ያለው ነው። እዚያ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ አለ፤ ውሃ እየቀዳ እያስወጣ ኮርኒያውን ጥርት አድርጎ የሚያኖረው እሱ ነው። በወጣትነት በካሬ ሚሊ ሜትር 3,000 ገደማ ሴል አለ፤ በዓመት 0.6 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። የሞተው አይተካም። ጎረቤቱ ተለጥጦ ቦታውን ይሸፍናል። በማይክሮስኮፕ የወጣቱ ልክ የማር እንጀራ ነው፣ እኩል እኩል። የሽማግሌው ትልቅና ትንሹ የተደባለቀበት ነው።

ከሐይቅ፦ ኢንዛይሙን በኪኒን ብወስደውስ?

መልስ፦ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሆድህ ይፈጨዋል። ጎመን ብላ።

ከደሴ፦ እናቴ ዓይኗ ደከመ። ምን ይሻላታል?

መልስ፦ ደከመ ማለት? ያማታል? ይደበዝዝባታል? ይዘሻት ነይ። ጠብታ እንዳትገዢላት።

ከመርሳ፦ ሞራስ በዚሁ ነው የሚመጣው?

መልስ፦ ሞራ ከኮርኒያ ኋላ፣ ዓይን ውስጥ ባለው ሌንስ ላይ ነው። የዛሬው ርዕስ ኮርኒያ ነው ብያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ እኛን ነው ፀሐይ የሚጨርሰን። ደሴዎች ጋቢ ለብሳችሁ ምን አለባችሁ!

ከደሴ፦ አብሽር፣ እኛንስ ጉሙ ይጋርደናል።

ከኮምቦልቻ፦ በጋም ጉም አለ ልትል ነው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሙቀትና አልትራቫዮሌት፣ ማለትም በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ አንድ አይደሉም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ቢበርድም የሚብሰው ደሴ ነው። ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ። እረኛ ሁሉ የሚያውቀውን እኛ ከተማ ገብተን ረሳነው።

ከኩታበር፦ ጓደኛዬ የሰጠኝ ጠብታ ቅላቱን ወዲያው አጠፋልኝ። ልቀጥል?

መልስ፦ ምን አልኩ? ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ከሆነ ቅላቱን እያጠፋ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ስሙን ጻፍልኝ።

ከኩታበር፦ ወረቀቱ ተልጧል፣ ዶክተር።

መልስ፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት ጠርሙሱን ይዘህ ና።