ቴስታታ ከማስከፈትዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1995 ኮሮላዬ (4ኤ-ኤፍኢ ሞተር) ከአዲስ አበባ ስመለስ የእንጦጦ ዳገት ላይ ውሃ ያፈላል። መካኒክ ሳያየው በስልክ «ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታታው ይከፈት» አለኝ። መፍቻ አላጣሁም። ራሴ ልክፈተው ወይስ ልክፈል?

መልስ፦ ምርመራውን ራስዎ ይሥሩት። ቴስታታው የእውነት መከፈት ካለበት ግን ይክፈሉ። ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በመካከላቸው የሚገባው ማሸጊያ።

በእናንተ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራውም እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ብቻውን ዳገት ላይ ያስፈላል። መጀመሪያ 0.9 የተጻፈበት አዲስ ክዳን ይግዙ።

ቀጥሎ ተርሞስታቱን (ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥተው በክር አንጠልጥለው ድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ያሙቁት። 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ስለሆነ ሱሉልታ ላይ በድስት ይህን አያዩም፤ ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት። ጨርሶ አውጥተው የሚጥሉም አሉ። ይሄ መፍትሔ አይደለም፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማራገቢያው ሲሞቅ መነሣቱን ይዩ። የጉድጓድ ውሃ ሲጨምሩ ከኖሩ ደግሞ የራዲያተሩ ውስጥ በዝገትና በኖራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ጓርኒሲዮኑን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይፈትኑ። ራዲያተሩን ሞልተው ክዳኑን ዘግተው ያስነሡ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ሳይሞቅ፣ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ ከደነደነ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚለኩሱትን) ያውጡ፤ አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጣ ከሆነ ያ ሲሊንደር ውሃ ይጠጣል። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ጨርሶ አያስነሡት።

ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) የሚለካልዎት ሰው የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ብቻ አይመልከት። ለጤነኛ 4ኤ-ኤፍኢ የተጻፈው 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ለባሕር ጠለል ነው፤ በሱሉልታ ስስ አየር ያው ሞተር 140 አካባቢ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ቁጥር ብቻ ስንት ደህና ሞተር በከንቱ ይወርዳል! መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተበልቷል።

እዚህ ላይ መፍቻዎን ያስቀምጡ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ የሚፈቀድለት መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው መካከሉን ያጎደጉደዋል፤ አዲሱ ጓርኒሲዮንም ብዙ ሳይቆይ ይነፋል። 10ሩ ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠብቃሉ፤ ርዝመታቸውም ሁለት ዓይነት ስለሆነ መደባለቅ የለባቸውም። የሱሉልታ የግቢ አቧራ ደግሞ ክፍት ሲሊንደር ላይ ሲያርፍ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይፈጫል።

መካኒኩን «ቶርክ መፍቻ አለህ? ቴስታታውን የት ታስለካለህ?» ብለው ይጠይቁት። «እጄ ያውቀዋል» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ሲሄድ አብረው ይሂዱ፤ ስንጥቅ በግፊት ይፈተሽ፤ ሳይለካ አይላግ። ጓርኒሲዮኑን ከሶማሌ ተራ ራስዎ መግዛት ይችላሉ፤ አሮጌውን ለናሙና ይውሰዱና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያስተያዩ።

ሲገጠም ዘይቱና ፊልትሩ ይቀየሩ። ራዲያተሩ በውሃ ብቻ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ከኩላንት ጋር ይሞላ። የመኪናውን ማሞቂያ ሙሉ ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይዘጉ ማራገቢያው እስኪነሣ ድረስ ያሠሩት፤ አየሩ ሲወጣ ውሃው ስለሚወርድ ይጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደግመው ሳያዩ ዳገቱን አይሞክሩት።